ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ጎረቤቶች

አንድ ሰው ነበረ። ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የወረቀት ክምር፣ በእጁ ሦስት እስክሪብቶ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሊያልቅ የደረሰ። በሩን ከውስጥ ቆልፏል። ምን የሚሠራ ይመስላችኋል? የፍቅር ደብዳቤ? እሱማ በተሻለ ነበር!

ሰው እየፈጠረ ነው።

አትሳቁ። ሰው እየፈጠረ ነው አልኳችሁ። በሰማያዊው እስክሪብቶ አንድ አባወራ ይፈጥራል፤ ሚስት ይድርለታል፣ አምስት ልጅ ይሰጠዋል፣ አንዲት አህያ ይመርቅለታል። ከዚያ እስክሪብቶ ይቀይርና ጎረቤቱን ይፈጥራል። እጅ ጽሑፉ እንዳይመሳሰል አንዱን አጋድሞ፣ ሌላውን አቁሞ ይጽፋል። ቀኝ እጁ ሲዝል ግራ እጁን መጻፍ አስተማረው፤ ግራ እጁም በአንድ ከሰዓት ሰላሳ አባወራ ወለደ። ስድስት ቀን ሠራ። በሰባተኛው ቀን ጣቶቹን እያፍተለተለ አረፈ።

ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም፣ ወገኖቼ። የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ተማሪዎቹን የሚወድ፣ መብራት ሲጠፋ በስልኩ ብርሃን የሚያስተምር ሰው። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ቀረ። እሱ ያስተማራቸው ልጆች እንኳ ረዳት ፕሮፌሰር ተብለው በኮሪደር ሲያልፉ "እንዴት ነህ?" ይሉት ጀመር፤ "እንዴት ነዎት?" ማለቱ ቀረ። ዕድገቱን ለማግኘት አንድ የጥናት ጽሑፍ በታወቀ ጆርናል ላይ ማውጣት አለበት። አንዲት ብቻ።

ስለዚህ ዋርካ ሜዳ ወደምትባል መንደር ሊያጠና ወጣ። በየቤቱ እየዞረ "ንጹህ ውሃ ታገኛላችሁ ወይ?" ብሎ መጠይቅ ይሞላል። ስንት ቤት? ሦስት መቶ ሰማንያ አራት። ለምን ሦስት መቶ ሰማንያ አራት? በእነሱ በአጥኚዎቹ ዘንድ ይህ ቁጥር እንደ ዳዊት ይደገማል። ከአንድ ቀመር የሚወጣ ነው፤ ቀመሩም ለብዙ ሺህ ሕዝብ የተሠራ ነው። እነሱ ግን ከተማም ያጥኑ መንደር፣ ሰውም ይቁጠሩ ዶሮ፣ መልሱ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ነው። ሲማሩ እንዲህ ተባሉ፣ ሲያስተምሩም እንዲህ ይላሉ። ዋርካ ሜዳ ስንት ቤት እንዳላት ግን የጠየቀ የለም።

ዘጠና ሰባት ነው ያላት።

ወጣ እንግዲህ። የፀሐዩን ነገር አታንሡብኝ! በዚያ ቀን ዋርካ ሜዳ ላይ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ተሰዶ ነበር። ሰላሳ አንደኛው ቤት ሲደርስ የጫማው ሶል ተላቆ እንደ ተራበ ውሻ አፉን ከፍቷል። የዚያ ቤት ባለቤት እማማ የውብዳር ይባላሉ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ምላሳቸው ሹል፣ እጃቸው ግን ቸር።

"ግባ ልጄ፣ ከንፈርህ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል" አሉና በጣሳ ውሃ ሰጡት። ጠጣ። ደገሙለት። ያንንም ጠጣ።

"ውሃውን ከየት ያመጡታል፣ እማማ?"

"ከወንዝ ነዋ! ሄጄ ስመለስ ጠዋቱ ያልቃል። ጻፈው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?"

ጻፈው። እውነቱን ጻፈ። ከዚያ ጫማውን በገመድ አስሮ ወደ ከተማ ተመለሰ። ለዋርካ ሜዳ "ነገ እመጣለሁ" አለ፣ ነገ ግን አልመጣም። የቀሩትን ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት ቤቶች በሩን ቆልፎ ፈጠራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ። ያ ሁሉ ሰው "ውሃ የለንም" ካለ ኮምፒዩተሩ ምኑን ከምኑ ያነጻጽራል? ሰንጠረዡ አያምርም። ስለዚህ መምህሩ ለሁለት መቶ ሠላሳ አራት ቤቶች ንጹህ ውሃ አደላቸው። በእስክሪብቶ ቧንቧ ዘረጋላቸው። ከየመቶው ስልሳ አንዱ ጠጡ፣ ረኩ፤ ሰንጠረዡም አማረ።

ጽሑፉን ላከው። ጆርናሉ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሳይከፍል ያነበዋል። አሥራ አራት ገጽ ደንብም አለው። ያልጠየቅኸውን ጠየቅሁ አትበል፣ ያልሠራ ሰው ስም አታስገባ፣ እያለ ይቀጥላል። ከደንቡ ግርጌ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ "አንብቤ ተስማምቻለሁ" ትላለች። አነበበ? እናንተስ ታነቡ ነበር? ጠቅ አደረጋትና አለፈ። ከራሱ ስም ቀጥሎ ደግሞ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ የዶክተር ግርማቸውን ስም ጨመረ፤ ዋርካ ሜዳ በየት በኩል እንደምትገኝ የማያውቁትን። ለምን? ልማድ ነዋ። ኃላፊ ሁልጊዜ ይጨመራል፣ እንደ ጨው።

ጆርናሉ ጽሑፉን ስማቸው ለማይታወቅ ገምጋሚዎች ሰጠ። ከእነሱ አንዱ ጠየቀ፤ "ለመሆኑ መንደሯ በጠቅላላው ስንት ቤት አላት?" መምህሩ በላብ ተጠመቀ። "የአካባቢው ሕዝብ በከፍተኛ ፍጥነት እየጨመረ ነው" ብሎ መለሰ። ይህቺስ እውነት ናት! በስድስት ቀን ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስት ቤት የጨመረ አገር፣ ከዚህ በላይ በምን ይፍጠን?

ጽሑፉ ወጣ። የዕድገት ኮሚቴው ስብሰባም ለሐሙስ ተቀጠረ። መምህሩ ሚስቱን "ሐሙስ ማታ ዶሮ ይሠራ" አላት።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው በር ተንኳኳ። ሲከፍት እማማ የውብዳር ቆመዋል። ከእሳቸው ጋር የመንደሯ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትርንጎ አለች።

"መምህር፣ ጽሑፍዎን አነበብነው" አለች ትርንጎ፣ ስልኳን እያሳየች።

"እንዴ! ከየት አገኛችሁት?"

"ክፍት ነው እኮ።"

እማማ የውብዳር ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እኔ የመጣሁት ጎረቤቶቼን እንድታስተዋውቀኝ ነው። ሃምሳ ዓመት ዋርካ ሜዳ ስኖር የማውቀው ዘጠና ሰባት ቤት ነው። የቀሩት የታሉ? ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶ አልደረሱም። ጉድጓድ አልቆፈሩም፣ ሬሳ አልተሸከሙም። ምን ዓይነት ጎረቤት ነው የፈጠርክልኝ፣ ልጄ?"

"እማማ፣ ይኸ እኮ... የናሙና አሠራር..."

"ደግሞ ውሃ አላቸው አሉ! አንድ እንስራ ቢያቀምሱን ምን ነበረበት? ንፉጎች!"

መምህሩ ሊስቅ ሞከረ። ትርንጎ ግን አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ውሃ ሊያስገባላቸው ቃል የገባው ድርጅት የጻፈው ነው። "በታተመ ጥናት እንደተረጋገጠው ስልሳ አንድ በመቶ ነዋሪዎች ንጹህ ውሃ ስለሚያገኙ፣ ዋርካ ሜዳ በሌላ መንደር ተተክታለች" ይላል።

"ሰባት ዓመት ለምነን ዘንድሮ ነበር ተራችን የደረሰው" አለች ትርንጎ። "በዚህ ወር ብቻ አሥራ ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ተኝተውብኛል። ውሃ የሚገባላቸው መንደሮች ዝርዝር የሚጸድቀው ረቡዕ ነው፣ መምህር።"

ረቡዕ። የእሱ ኮሚቴ ሐሙስ ነው።

እማማ የውብዳር ከነጠላቸው ሥር አንድ ሃይላንድ አወጡ። ውስጡ ያለው ውሃ ቀጠን ያለ ሽሮ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"ያን ቀን የጠጣኸው ይህንን ነው" አሉት፤ አሁን ድምፃቸው ቀዝቅዟል። "እንግዳ ነው ብዬ በነጠላዬ ሦስት ጊዜ አጥልዬ ነበር የሰጠሁህ። አንተ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳታጠልል ጻፍክብኝ።"

ውሃውን ትተውለት ሄዱ።

መምህሩ ወደ ዶክተር ግርማቸው ሮጠ። ሁሉንም ነገራቸው።

"ከሐሙስ በኋላ ጻፍላቸው" አሉት። "ሦስት ቀን ምንድን ነው? ሰማይ አይደፋ!"

"የሚያጸድቁት ረቡዕ ነው፣ ዶክተር።"

"እና? ለከርሞ ሌላ ድርጅት ይመጣላቸዋል። አንተ ሰውዬ፣ የኔም ስም እኮ አለበት!"

"ስምዎማ አለ። እርስዎ ግን የሉበትም። እኔም ከሰላሳ አንደኛው ቤት በኋላ የለሁበትም።"

ተመልሶ ያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አሁን በሩን አልቆለፈም። ቅጣቱ ምን እንደሆነ ሊያውቅ ያን አሥራ አራት ገጽ ደንብ ከፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ ጀመረ። አንደኛው ገጽ ገረፈው። አምስተኛው ገጽ ገረፈው። ዘጠነኛው ላይ አንገቱን ደፋ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ የሚል አገኘ፤ "ጥፋቱን ሳይደብቅ ራሱ ያስታወቀ ጸሐፊ እውነተኛ ሥራ ይዞ ሲመለስ በራችን አይዘጋበትም።"

ለካ ያቺን ሳጥን ጠቅ ሲያደርግ በዚህም ተስማምቶ ነበር! አላወቀም እንጂ።

ጻፈ። የሶሉን ነገር ጻፈ፣ ሦስቱን እስክሪብቶ ጻፈ፣ ግራ እጁን ሳይቀር አጋለጠ። ማክሰኞ ከሰዓት የጆርናሉ አርታኢ መለሱለት፤ "ጽሑፉ ተሽሯል። ከድረ ገጻችን ግን አይጠፋም፤ የተሻረበት ምክንያት ከላዩ ተጽፎ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይኖራል። ሰላሳ አንዱ ቤት እውነት ከሆኑ፣ ስልሳ ስድስት ይቀርዎታል። ጫማ ቀይረው ይሂዱ።"

ያንን ይዞ ረቡዕ ጠዋት ድርጅቱ በር ላይ ከዘበኛው ቀድሞ ተገኘ። ዋርካ ሜዳ ወደ ዝርዝሩ ተመለሰች። ሐሙስ ደግሞ የእሱ ማመልከቻ ከኮሚቴው ተመለሰ። ማታ ዶሮ አልተሠራም፤ ሽሮ ነበር። ሚስቱ አበላሉን አይታ "ደግሞ ከዶሮው ይልቅ ይኸ አማረህ" አለችው፤ እውነትም ጥርግ አድርጎ በላ።

ቅዳሜ ዋርካ ሜዳ ደረሰ። እማማ የውብዳር እጁን ይዘው በየደጁ "ውጡ! ያ ጎረቤት የሚያባዛው ሰውዬ መጣ!" እያሉ አዞሩት። የሳቀበት ሳቀ፣ ያመናጨቀው አመናጨቀው። ስልሳ ስድስቱንም ቤት በእግሩ ጨረሰ።

"አሁን ስንት ሆንን?" አሉት መጨረሻ ላይ።

"ዘጠና ሰባት።"

"ንጹህ ውሃ ያለውስ?"

"አንድም የለም፣ እማማ።"

"እሰይ! አሁን ገና እኛን መሰልን።"

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው ስቃችኋል። እኔም ስቄአለሁ። እስቲ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። "እጸልይልሃለሁ" ብላችሁ ያልጸለያችሁለት ሰው ስንት ነው? "ታማ ጠየቅኋት" ብላችሁ በሯን ያላንኳኳችሁባት ስንት ናት? እኛም እኮ ሰላሳ አንድ ቤት ሄደን፣ ፀሐይ ሲበረታብን ሦስት መቶ ሃምሳ ሦስቱን በአፋችን የሞላን ነን። ስንሞላውም ማንንም የጎዳን አይመስለንም። ግን እኛ "ደርሻለሁ" ስላልን ሌላ ሰው ሳይደርስለት የቀረ አለ። ውሃው የቀረበት አለ።

እናንተ፣ ሥራችሁ በተቆለፈ ቢሮ ውስጥ ያለ ይመስላችኋል? ክፍት ነው እኮ!

ክፍት መሆኑ ግን አያስፈራችሁ። ያ ሰው ደንቡን የሸሸው ጅራፍ ብቻ ያለበት መስሎት ነው። አሥራ አንደኛው ገጽ እስኪደርስ አላነበበማ! ከእኛስ ስንቱ ነው አንደኛው ገጽ ላይ ተገርፎ፣ መጽሐፉን ዘግቶ የሄደ? ተመለሱና አንብቡ። የሚጠብቃችሁ በር አለ። ስልሳ ስድስት ቤት ይቀራችሁ ይሆናል፤ ይሁን፣ ጫማ ቀይሩና ሂዱ።

እንግዲህ በየሳምንቱ ስብከት ሲያልቅ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለችን። አፋችን ላይ ናት። ሳናነብ ጠቅ እናደርጋታለን።

ዛሬ ቆዩ። ቤት ግቡ፣ የቀራችሁን ቤት ቁጠሩ፣ ሄዳችሁ አንኳኩ። ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆማችሁ አሜን በሉ።