የግራዝማች አሮጌ ሞተር

ሰባን የተሻገሩት ግራዝማች ወልደየስ ሽበታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ በወላለቁት ጥርሶቻቸው ቦታ ወርቅ አስተክለው፣ ወጣት ሙሽራቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ጋራዣቸው ደረሱ። እዚያም አንድ መካኒክ የጭነት መኪናቸውን ያረጀ ሞተር አውርዶ፣ ፒስተኑን ለውጦ፣ ወር ሙሉ ሲያድስ ከርሞ ሊያስነሳው ሲል አገኙት።

ግራዝማች ከመኪናቸው ወርደው ሞተሩን በከዘራቸው ኳ አደረጉት።

«አንተ ደፋር! ማን አድስ አለህ? ያረጀ ነገር ቢቀቡት፣ ቢጠግኑት ዳገት ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ማለቱ አይቀርም! አውጥተህ ጣለውና አዲስ ይግባበት! ውሸት ነው ካልክ አሁኑኑ ትባረራለህ!» ብለው ጮኹ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠራረገና ወደ ጆሯቸው ተጠጋ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። ግን ቀስ ብለው ይናገሩ፤ የመኪናዎ መስኮት ክፍት ነው፣ ሙሽሪትም ጆሯቸውን ጥለው እየሰሙ ነው።»