ጥላ ሲያዩ ሽቅብ የሚወጡ ልጆች

ተረት ተረት! የወንዝ ዳር መሬት።

አንዲት ጠንቃቃ የወንዝ ዓሣ ነበረች። አንድ ቀን ሰዎች ዓሣ ከሚያረቡበት ገንዳ ያመለጠ ወፍራም ጉረኛ ዓሣ መጥቶ ልጇን ለጋብቻ ጠየቃት። እሷም እንደ ወጉ፣

«እስቲ ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ» አለችው።

«እመት ዓሣ፣ አባቴም ከገንዳ፣ አያቴም ከገንዳ፤ ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ይልቅ ይህን ሆዴን ይዩልኝ!»

«ጥላ ሲያርፍብህስ ምን ታደርጋለህ?»

«ይሄም ይጠየቃል? ጥላማ እንጀራ ነው፤ ሽቅብ እወጣለኋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገንዳ ላይ ጥላ ካረፈ መጋቢው መጣ ማለት ነው፤ ወንዝ ላይ ካረፈ ግን ንስር ነው። እሷ ይህን አላጣችውም። ነገር ግን ዘመዶቿ ሁሉ የከሱበት ዘመን ነበርና ውፍረቱ አማለላት። «ጥላውን እኔ አስተምረዋለሁ» ብላ ልጇን ዳረችለት።

አማቿን ንስር ወዲያው ወሰደው፤ ልጆቹ ግን ተፈለፈሉ። አያትየው ጧት ማታ፣

«ጥላ ሲያርፍስ?» ትላቸዋለች።

«ከድንጋይ ሥር!» ይላሉ በአንድ አፍ።

ጥላው እውነት ያረፈ ቀን ግን ትምህርቱን እየጮኹ ሽቅብ ወጡ። ንስሩም እየተመላለሰ ለቀማቸው። አጠገቧ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«እማማ፣ ልቤ ያውቃል፤ ሰውነቴ እንቢ አለኝ!» አላት።

አያትየው ጅራቱን በአፏ ነክሳ ይዛው ነበር። ጥላው እስኪያልፍ ድረስ ሽቅብ ይታገላት ነበር።