የቡሊት ደጋፊዎችና አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ሰጎኖች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚሮጡበት አገር፣ ቡሊት የምትባል ሰጎን ነበረች። ቡሊት አንደኛ ወጥታ አታውቅም። አንዳንዴ አምስተኛ ትወጣለች፣ አንዳንዴ ሰባተኛ፣ አንድ ቀን ደግሞ መስመሩን ስታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታለች። ታዲያ ደጋፊ አላት ወይ? አላት እንጂ! ለአሸናፊማ ማንም ያጨበጭባል። ደጋፊ ማለት ቁጥቋጦው ድረስ ሮጦ «አይዞሽ፣ በዚህ በኩል ነው!» የሚል ነው።

የቡሊት ደጋፊዎች ሦስት ነበሩ፦ አህያ፣ ጦጣና ቀበሮ። በሌላው ቀን ሦስቱ አይገናኙም። አህያ እህል ይሸከማል፣ ጦጣ ከዛፍ ዛፍ ትዘላለች፣ ቀበሮ የሚሠራውን እሱና ፈጣሪው ብቻ ያውቃሉ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ግን ወንዙ ዳር ይገናኙና፣ እንደ ቡሊት ግራጫ ላባ ጭራቸው ላይ አስረው፣ እየዘፈኑ ወደ ሜዳው ይሄዳሉ።

የአህያ ዘመዶች ይስቁበታል። «ሳምንቱን ሙሉ ተሸክመህ ስታበቃ የወፍ ሩጫ ለማየት አገር ታቋርጣለህ? እረፍ እንጂ አንተ!»

«እኔ የማርፈው እዚያ ነው» ይላቸዋል፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ።

በሜዳው አንድ ልማድ አለ። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት የየሰጎኑ ደጋፊዎች ተራ በተራ ይዘፍናሉ። የሜዳው ጌታ አንበሳ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና ደረቱን የነቀነቀለትን ቡድን በጭራው ያመለክታል። የተመረጠው ቡድን ትልቁ ዋርካ ሥር ይቀመጣል። ሰጎናቸውም ትመጣና፣ ሜዳው ሁሉ እያየ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትነሳቸዋለች። ለደጋፊ ከዚህ በላይ ክብር የለም።

የቡሊት ደጋፊዎች ያንን ዋርካ ከሩቅ ነው የሚያውቁት። ተቀባይ አልነበራቸውማ! አህያ አስጨፋሪ ነው፤ ዘፈን ሲያወጣ ሜዳው ጫፍ ድረስ ይሰማል። ግን የወጣ ዘፈን ተቀባይ ካጣ ምን ዋጋ አለው? ጦጣ «ጪጭ!» ትላለች፣ ቀበሮ «ኸው!» ይላል፣ አለቀ። የእንቁራሪቶች ቡድን ከኩሬው ሆኖ «ቋ!» ሲል ግን ተራራው ይመልስለታል። ዋርካውም የእንቁራሪቶች ርስት መስሎ ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ አያ ጅቦ እንሂድ። አያ ጅቦ ገደሉ ውስጥ ከታላቅ ወንድሙና ከሁለት የአጎቱ ልጆች ጋር ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት ላባ ያሰረ አህያ እየዘፈነ በደጃቸው ያልፋል። መንገዱ በደጋፊ ስለሚጨናነቅ ያን ጊዜ አይነኩትም። ማታ ሲመለስ ደግሞ ቀበሮ ያውቅባቸዋል፤ ገደሉን ትቶ በጋራው ዞሮ ነው ጓደኞቹን የሚመልሳቸው። ጅቦቹ ከጠዋት እስከ ማታ ምራቃቸውን ሲውጡ ይውላሉ።

አንድ ዓርብ ታላቅ ወንድሙ ጠራው። «ስማ፣ ደጋፊ ነኝ በልና ተቀላቀላቸው። ማታ በገደሉ በኩል አምጣልን። ጭኑ ያንተ ነው።»

«ሁለቱም ጭን?»

«ሁለቱም።»

«እሺ። የማን ደጋፊ ነኝ ልበል ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሆነች ሰጎን ናት።»

በማግስቱ ጅቡ ጆሮው ላይ ቀይ ላባ ሰክቶ ወንዙ ዳር ከተፍ አለ።

«እንደምን አደራችሁ፣ ወገኖቼ! እኔም ደጋፊ ነኝ።»

ጦጣ በአንድ ዝላይ ዛፍ ላይ ወጣች። «አያ ጅቦ፣ መንገድ ስተሃል፤ የሞተው በሬ በዚያ በኩል ነው!»

«ኧረ ደጋፊ ነኝ!»

«የማን?» አለው ቀበሮ።

«የሰጎኗ ነዋ። የዚያች የእግረ ረጅሟ።»

«እግረ አጭር ሰጎን አይተህ ታውቃለህ?»

«የአንገተ ረጅሟ ማለቴ ነው።»

ጦጣ ከሳቋ ብዛት ከቅርንጫፉ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ጆሮህ ላይ ያለውስ? የዶሮ ላባ እኮ ነው! ባለቤቷን ቁርስ አድርገሃት መጣህ?»

«ኧረ እራት ነበረች» አለ ጅቡ፣ መዋሸቱን ረስቶ።

ቀበሮ ወደ አህያ ጆሮ ጠጋ አለ። «ሰማህ ወይ፣ ይሄ ሰውዬ ቡሊትን ሊያይ አልመጣም። አንተን ነው የሚያየው። ቶሎ እንሂድ።»

አህያ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። «አያ ጅቦ፣ እስቲ አንዴ ጩህ።»

«ምን?»

«ከገደሉ ስትጮህ የምንሰማውን። እስቲ።»

ጅቡ ግራ ገባው። አፉን ወደ መሬት አስጠጋና «ኡኡኡ—ው!» አለ። ድምፁ ከሥር ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። ወፎች ከቁጥቋጦው ብር ብለው ጠፉ፤ አህያ ዐይኑ እንባ ሞላ።

«ሰማችሁ? ይሄ ነው የጎደለን!»

«አበድክ እንዴ?» ጮኸች ጦጣ። «ጅብ እኮ ነው!»

«ጅብማ ነው። ግን ስሚው! ዋርካው ሥር ሳልቀመጥ አርጅቼ ከምሞት፣ ተቀምጬ ጅብ ቢበላኝ ይሻለኛል።»

እንዲህ ያለውን ስህተት ደጋፊ ካልሆነ ማን ይሠራል? ሊበላው የመጣውን ጅብ ለጉሮሮው ሲል ወደደው።

ቀበሮ አህያን መመለስ እንደማይችል ሲያውቅ ዘዴ ፈጠረ። «እንግዲህ አያ ጅቦ፣ በኛ ዘንድ ሥርዓት አለ። አስጨፋሪ ከኋላ፣ ተቀባይ ከፊት። ተቀባይ ዞሮ አስጨፋሪውን ካየ ድምፁ ይበላሻል።»

«ይበላሻል?» ጅቡ ደነገጠ። ከተወለደ ጀምሮ ስለ ድምፁ የተጨነቀለት አልነበረም። አንገቱን ሳያዞር ፊት ፊት ሄደ።

መንገድ ላይ አህያ ዘፈኑን አስጠናው። «እኔ ‹እግሯ ነፋስ!› ስል አንተ ‹ኡ—ው!› ነው። ‹አቧራዋ ደመና!› ስል፣ አሁንም ‹ኡ—ው!›። ‹የኛ ቡሊት!› ስል ግን ትንፋሽህ እስኪያልቅ።»

ጅቡ ገና አህያ አፉን ሲከፍት ይመልሳል።

«ጠብቀኝ እንጂ፣ አያ ጅቦ!»

«መጠበቅ አለመድኩም። እኛ ቤት የጠበቀ ጦሙን ያድራል።»

«እዚህ የጠበቀ ነው የሚደመጠው» አለው አህያ። ጅቡ ይቺ ነገር ገረመችው። ጠበቀ። አማረለት።

ሜዳው ሲደርሱ በጎች ሸሹ፣ ፍየሎች ድንጋይ ላይ ወጡ። አንበሳ አንድ ዐይኑን ገለጠ። «ይሄ ደግሞ ማነው?»

አህያ ላባውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ። «ጌታዬ፣ የኛ ተቀባይ ነው።»

እንቁራሪቶቹ ኩሬው ውስጥ ሆነው ተሳሳቁ። የእነ አህያ ተራ ደረሰ። አህያ ሆዱ እስኪነፋ አየር ስቦ ለቀቀው። «እግሯ ነፋስ!» ጅቡ ጠበቀ፣ ጠበቀና «ኡ—ው!» አለ። ሳቁ ቆመ። «አቧራዋ ደመና!» አለ አህያ። «ኡ—ው!» ጦጣና ቀበሮም በመሀል ገቡበት። «የኛ ቡሊት!» ሲባል ጅቡ ድምፁን ከሆዱ ሥር አምጥቶ ወደ ሰማይ ላከው። ድንጋይ ላይ የወጡት ፍየሎች ሳያውቁት ወርደው ቆሙ።

 ከዚያ አንድ ፍየል «ይደገም!» ብሎ ጮኸ። «ይደገም! ይደገም!» አለ ሜዳው። የአንበሳ ጭራም ተነስቶ ወደ እነ አህያ ዞረ።

ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቡሊት እየተውረገረገች መጥታ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ጅቡ ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ዞረ።

«ለማን ነው?» አለ።

«ላንተ ነው እንጂ፣ ፋራ!» አለች ጦጣ።

ጅብ በደረሰበት ሁሉ የሚያየው የሚሸሽ ጀርባ ነው። ፊቱን አዙሮለት የቆመ፣ ያውም አንገቱን የሰጠው፣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ረጅም አንገት አፍንጫው ሥር ነበረ፤ መንከስ ትዝ አላለውም።

ቡሊት ያን ቀን አራተኛ ወጣች። «አራተኛ! አራተኛ!» እያሉ እንደ አንደኛ ጨፈሩ። ሲወጡም አንድ ኤሊ አንገቱን አስግጎ «አያ ጅቦ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለህ አይደል?» አለው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንታ መንገዱ ጋ ደረሱ። ቀበሮ ወደ ጋራው ታጠፈ። ጅቡ የወንድሙ ትእዛዝ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

«በገደሉ ብንሄድስ? እዚያ ውስጥ ድምፅ ያምራል። ገደሉ ራሱ ይቀበላል።» ይህን ያለው ለተንኮል ይሁን ለዘፈኑ፣ ራሱም አላወቀም።

«አይሆንም!» አለ ቀበሮ። አህያ ግን «ገደሉ ይቀበላል» የሚለውን ሰምቶ ቁልቁለቱን ጀምሮት ነበር። ሌሎቹ ምን ያድርጉ? ተከተሉት።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ የክትክታው ቁጥቋጦ ተከፈለና ሦስት ጅቦች ወጡ።

«ጎበዝ!» አለ ታላቅ ወንድሙ። «አመጣኸው!»

ቀበሮ የሚሸሽበት እግር ነበረው። ለጦጣም ዛፉ ከራሷ በላይ ነበር። ቀበሮ ግን መጥቶ ከአህያ ፊት ቆመ፤ ጦጣም አህያው ጀርባ ላይ ወጥታ ጋማውን ጨበጠች። አብረን መጥተናል፣ አብረን ነው የምንመለሰው፤ ነገሩ ይኸው ነው።

«አንተ ዞር በል» አለ ታላቅዬው ጅቡን። «ጭንህን ትወስዳለህ።»

ጅቡ ማሰብ ጀመረ። ማሰብ ስለማይቀናው ፊቱ ተጨማደደ። «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ብንበላው ቅዳሜስ?»

«የምን ቅዳሜ?»

«የሚቀጥለው። ትመጣለህ ወይ ተብያለሁ እኮ።»

«ቅዳሜ ሌላ አህያ እንበላለን!»

«ሌላው አህያ ያወጣል?»

«ምኑን?»

«ዘፈኑን!»

«ሥጋ ነው እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ሥጋውንስ በላነው። ድምፁን ማን ይበላዋል? እኔ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ሆዴን ግን ስማው፣ ዝም ብሏል!»

ጅብ ሆዳም ነው፤ እሱን አልካድንም። ያን ማታም ሆዳም ነበር። ግን የቀመሳት አንዲት ቅዳሜ ጣፍጣው፣ የቀሩትን ቅዳሜዎች ሁሉ ፈለጋቸው። ሁለት ጭን ለዚያ ምኑ ነው? እግሩን ተክሎ መንገዱን ዘጋ።

ታላቅ ወንድሙ ትዕግሥቱ አለቀና ገፍትሮ ጣለው። ቀበሮን በደረቱ አሽቀንጥሮ አህያው ላይ መጣ። አህያ መራገጥ ይችል ነበር፤ መሮጥም ይችል ነበር። አስጨፋሪ ግን ሲጨንቀው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። አየሩን ሳበ።

«እግሯ ነፋስ!»

ጅቡ ከወደቀበት ሆኖ «ኡ—ው!» አለ። እንግዲህ ጅብ ሲጮህ ሰምቶ ዝም የሚል ጅብ ገና አልተወለደም። ሁለቱ የአጎት ልጆች ሳያስቡት «ኡ—ው!» አሉ። ገደሉም ተቀበለ።

«ዝም በሉ!» አለ ታላቅዬው።

«አቧራዋ ደመና!»

«ኡ—ው!» አሁን ሦስቱም አብረው፣ ሳይቀዳደሙ።

ታላቅዬው አህያው አንገት ጋ ደረሰ። ጦጣ ዐይኗን ጨፈነች። ታላቅዬው አፉን እስከ ጆሮው ከፈተው።

«የኛ ቡሊት!» አለ አህያ፣ የመጨረሻው ቢሆን እንኳ ሙሉ ድምፁን ሰጥቶ።

ከተከፈተው አፍ ጥርሱ ቀረና ድምፁ ወጣ። «ኡኡኡኡኡ—ው!» አንድ አፍ ሁለት ሥራ አይሠራም፤ ጩኸቱ ንክሻውን ቀደመው። ያውም ምን ዓይነት ድምፅ! ድንጋይ ከገደሉ አፋፍ ተንሸራተተ። ሲያበቃ ራሱ ደንግጦ አፉን ገጠመና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ምን ነክቶኝ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

 የአህያ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ትቸኩላለህ እንጂ ድምፅ አለህ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር አትቅር።»

በገደሉ አፋፍ ላይ አንዲት ሚዳቋ ታልፍ ነበር። ያንን ሁሉ ጩኸት ስትሰማ «አዬ፣ ምስኪን አህያ፣ በሉት!» አለች። ወዲያው አቀበቱን አራት ጅቦች ከፊት፣ አህያው ከነጦጣው ከኋላ፣ ቀበሮ በመሀል እየተሳደበ ሲወጡ አየች። ለመሸሽ እግሯን አነሳች።

«ነይ፣ አትፍሪ እህቴ!» አላት አህያ።

«ጅቦች እኮ ናቸው!»

«ጅቦች አትበያቸው» አለ አህያ፣ ደረቱን ነፍቶ። «የኔ ተቀባዮች ናቸው።»

ከእሑድ እስከ ዓርብ ምን እንደሚበሉ እኔ አልጠየቅኩም፤ እናንተም ባትጠይቁ ይሻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የቡሊት ደጋፊዎች ሰባት ሆነው ሲመጡ ሜዳው ከመቀመጫው ይነሳል።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን ነገር ከጓደኞቻችን ጋር ሳናፍርበት፣ ድምፃችንን ሳንቀንስ ከወደድነው፣ ሊበላን አፉን የከፈተው እንኳ አብሮን ሊዘፍንበት እንደሚችል ነው።