ተጠንቶ ወይስ ተጠናቆ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ከዘውዱ ሌላ ዩኒቨርሲቲም ያስፈልገኛል ባለበት ዘመን፣ የዱር አራዊት ልጆች በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰብስበው ይማሩ ነበር። አያ ጅቦ ስለ አጥንት ያስተምራል። እመት አህዪት ስለ መንገድና ስለ ሸክም ታስተምራለች። እመት ጦጢት የዛፍ መውጣት መምህርት ናት። ቀበሮ ምንም አያስተምርም፤ እሱ የምርምር ዳይሬክተር ነው። ጅብና አህያ በአንድ ግቢ እንዴት ኖሩ የሚል ቢኖር፣ በግቢው ውስጥ ባልደረባን መብላት በደንብ የተከለከለ ነበር። አያ ጅቦ ደንቡን ያከብራል፤ ስብሰባ ላይ ግን ሁልጊዜ ከአህዪት አጠገብ መቀመጥ ይወዳል።

በመስከረም አንበሳ ቀበሮን ወደ ቤተ መንግሥቱ አስጠራው። መምህር የያዘውን ብቻ እያስተማረ ከኖረ ዕውቀቱ እንደሚዝግ፣ ስለዚህ መምህራኑ ራሳቸውም ጠይቀው እንዲማሩ ከግምጃ ቤቱ ድጋፍ እንደመደበ ነገረው። ድጋፉ ከገበሬ በረት የመጡ ሙክቶች፣ ገብስና ድርቆሽ ነበር። ከዚያ ንጉሡ አንድ ትእዛዝ ብቻ ጨመረ።

«በየዓመቱ ያላወቅነው ነገር ተጠንቶ ይቅረብልኝ» አለ።

ከቤተ መንግሥቱ እስከ ዋርካው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ለቀበሮ ግን በቂ ነው። ሙክቶቹን እያሰበ መጣና መምህራኑን ሰብስቦ፣ ጃንሆይ ያሉት እንዲህ ነው ብሎ ነገራቸው፦

«በየዓመቱ የተሰጠው ነገር ተጠናቆ ይቅረብልኝ።»

ጦጢት ተጠናቆ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። ቀበሮ ሰኔ ሲያልቅ ከተሰጠው ድጋፍ ምንም መትረፍ የለበትም ማለት ነው አላት፤ የተረፈ ካለ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፣ የሚቀጥለው ዓመት ድጋፍም በዚያው ልክ ይቀነሳል። መምህራኑ ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። ያልበሉትን መመለስ የሚወድ የለም።

ለድጋፉ የምርምር ጥያቄ ካቀረቡት መካከል አንዷ እመት አህዪት ነበረች። ከዋርካው በታች ተማሪዎቹ ሁሉ የሚጠጡበት ኩሬ አለ። በየዓመቱ በጋው ሊያልቅ ሲል የትንንሾቹ ሆድ ይነፋል፣ አንዳንዶቹም ይሞታሉ። የአህዪት የበኩር ልጅ ቡላ የሞተው ባለፈው ዓመት እንዲሁ ሆኖ ነው። አሁን ሁለተኛ ልጇ በእግሩ መሄድ ጀምሯል፣ እሱም ከዚያው ኩሬ ይጠጣል፤ ሌላ ውሃ በአካባቢው የለም። አህዪት ውርንጭላዋ አንገቱን ወደ ኩሬው ባዘነበለ ቁጥር ስንት ጉንጭ እንደጠጣ ትቆጥራለች።

ድጋፉን ለሚያከፋፍለው ኮሚቴ እንዲህ አለች፦ «ኩሬውን የሚሞሉት ሁለት ጅረቶች ናቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ ድፍርስ ነው። ልጆቻችንን የሚያሳምመው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። በበጋ መጨረሻ ብቻ ለምን እንደሚሆንም አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

የጠየቀችው ድጋፍ አንድ ሸክም ድርቆሽ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ በጋና አንድ ክረምት ጅረቶቹን ተከትላ ሽቅብ እንድትሄድ፣ ግማሹን ትምህርቷን ሌላ መምህር እንዲይዝላት ለመነች።

የአያ ጅቦን ጥያቄ የጻፈለት ቀበሮ ራሱ ነው። ርእሱ «የሙክት ላት በመማር ማስተማር ሂደት ላይ ያለው ፋይዳ፦ የማታውንና የጠዋቱን ላት በማነጻጸር» ይላል። አያ ጅቦ ርእሱን እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻለም፤ ላት የሚለውን ግን አገኘው። የጠየቀውም ሙክቶቹን ሁሉ ነው። ከግርጌው «አማካሪ፦ ቀበሮ» ተብሎ ተጽፏል።

ኮሚቴው ቀበሮና ጦጢት ነበሩ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«የእመት አህዪት ጥያቄ ጥሩ ነው፤ በጥሩነቱ አንከራከርም። ችግሩ አንድ ሸክም ድርቆሽ ብቻ መሆኑ ነው። ሙክቶቹን ማን ያጠናቅቃቸዋል? ደግሞስ ክረምት ድረስ የሚዘልቅ ጥናት ሰኔ ላይ እንዴት ተጠናቆ ይቀርባል? አያ ጅቦ ግን ጅምሩን ትቶ አያውቅም።»

ጦጢት ልትቃወም አፏን ከፈተች። በዚሁ ጊዜ የስብሰባ አበል ነው ተብሎ አንድ ቁና ገብስ ከፊቷ ቀረበ። የተከፈተው አፍ ገብስ ገባበትና የአህዪት ጥያቄ ሳይጸድቅ ቀረ።

አያ ጅቦ ምርምሩን በዚያው ማታ ጀመረ። የማታውን ላት በላ። ጠዋት የጠዋቱን ላት በላ። ልዩነት አለው ወይ ብሎ ቀበሮ ሲጠይቀው፣ እንዳላስተዋለ፣ ስለዚህ መድገም እንደሚያስፈልግ ተናገረ። አማካሪው ከየሙክቱ ድርሻውን ይወስዳል። ሁለቱም ወፈሩ፤ የአያ ጅቦ ክፍል ተማሪዎች መምህራቸው እየተኛባቸው ስለ አጥንት የሚያውቁት ሳይጨምር ከረመ።

አህዪት ከትምህርት በኋላ ብቻዋን ጅረቶቹን ተከትላ ለመሄድ ሞከረች። ነገር ግን የሙሉ ቀን ሥራ ይዛ ነው፤ ጅረቶቹ ከሚወርዱበት ገደል ሥር ሳትደርስ ይመሽባታል። ሲመሽ ደግሞ የግቢው ደንብ ከግቢው ውጭ እንደማይሠራ ታውቃለች። ደጋግማ ከመንገድ ተመለሰች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሰኔ ገብቶም ሰማዩ አልደመነም። ኩሬው ጎደለ፣ የትንንሾቹም ሆድ መነፋት ጀመረ። አንድ ጠዋት የአህዪት ውርንጭላ አልነሳም አለ። እናቱ ጥላ ሥር አስተኝታው ሆዱን ስትነካው፣ የቡላ ሆድ እንደነበረው ነው። ፈራች። እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ በመጀመሪያው ጊዜ ምን እንደሚመጣ አታውቅም ነበርና።

የሪፖርቱ ቀን ሲደርስ ከሙክቶቹ የተረፈው አንድ ቀንድ ብቻ ነበር። ቀበሮ ምንም መትረፍ እንደሌለበት ለአያ ጅቦ አስታወሰው። አንበሳ በመንገድ ላይ ነው ሲባል አያ ጅቦ ተጣድፎ ቀንዱን ነከሰና አንድ ጥርሱ ተሰበረ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚባለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ይላሉ።

አንበሳ በጠራራ ፀሐይ ተጉዞ ደረሰና ዋርካው ሥር ተቀመጠ።

«እሺ አያ ጅቦ፣ ምን ተጠና?» አለው።

«ተጠናቋል፣ ጃንሆይ።»

«ምን አወቃችሁ ነው የምልህ።»

«ሁሉም ነው የተጠናቀቀው» አለ አያ ጅቦ፣ የተሰበረ ጥርሱን በምላሱ እየነካካ። ከዚያ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮም ግኝቱ ሰፊ መሆኑን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግን ተጨማሪ ሙክት እንደሚያስፈልገው አስረዳ።

አንበሳ ነገሩ አልገባውም፤ ደግሞም ጠምቶታል። ውሃ አምጡልኝ አለ። ከኩሬው በቅል ቀድተው አመጡለት። ቅሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ አህዪት ከተማሪዎቹ ኋላ ተነሥታ መጣች።

«ጃንሆይ፣ አይጠጡት።»

«ለምን?»

«አላውቅም።»

«ሳታውቂ ነው እንዴ የምትከለክይኝ?»

«ይህ ውሃ አምና ልጄን ገድሎብኛል። ዘንድሮ ሁለተኛው እዚያ ጥላ ሥር ወድቋል። ከሁለቱ ጅረቶች የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ጃንሆይ። ላውቅ ጠይቄ ነበር፤ ተጠናቆ አይደርስም ተባልኩ።»

አንበሳ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተጠናቆ ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ፤ እሱ ያለው ተጠንቶ ነው። ሁሉም ወደ ቀበሮ ተመለከቱ። ቀበሮ ጭራውን እያየ፣ ልዩነቱ የሁለት ፊደል ብቻ እንደሆነ ተናገረ።

«በሁለቱ ፊደል መካከል አንድ ውርንጭላ ታሞ ተኝቷል» አለ አንበሳ። «ጥናቱ አሁን ይጀመር። ተመራማሪው ከአንዱ ጅረት ይጠጣል፣ አማካሪው ከሌላው። እመት አህዪት ትከታተላለች።»

ቀበሮ እዚህም አልተኛም። የአያ ጅቦ ሆድ ብርቱ ስለሆነ ድፍርሱን ለእሱ መተው ይሻላል ብሎ፣ ራሱ ጥርት ወዳለው ጅረት ሄዶ ጠጣ። አያ ጅቦ ድፍርሱን እስኪጠግብ ጨለጠና ሌላ የሚጠናቀቅ ነገር ካለ ጠየቀ።

በማግስቱ የቀበሮ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። አያ ጅቦ ምንም አልሆነም። አህዪት ግን ለመፍረድ አልቸኮለችም። አያ ጅቦ አጥንት የሚፈጭ ሆድ ስላለው የእሱ ደህና መሆን ብዙ እንደማያስረዳ፣ የቀበሮ መታመም ግን መንገድ እንደሚያሳይ ለንጉሡ ነገረችው። ለልጇ ከድፍርሱ ቀድታ ማጠጣት ጀመረች። ሆዱ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ በሳምንቱ ተነሥቶ ቆመ። እሷም ከጎኑ ቆማ አለቀሰች።

አንበሳ የለመነችውን ጊዜና ድርቆሽ ሰጣት። ጦጢትም የበላችው ገብስ ሲከነክናት ከርሞ ነበርና፣ ገደሉን ልወጣልሽ ብላ አብራት ሄደች። ጥርት ያለው ጅረት ከላይ በብርብራ ዛፎች ሥር ያልፋል። ብርብራ ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ዓሣ የሚያደነዝዙበት ዛፍ ነው። ፍሬው በበጋ እየረገፈ ጅረቱ ውስጥ ይወድቃል። ውሃ ሲበዛ ጠርጎት ይሄዳል፤ ውሃ ሲያንስ ግን እዚያው ይዘፈዘፋል። አህዪት ይህን አይታ ብቻ አልረካችም። ጅረቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አስቀይሳ ክረምቱንና የሚቀጥለውን በጋ ጠበቀች። በዚያ በጋ መጨረሻ አንድም ግልገል፣ አንድም ውርንጭላ አልታመመም።

ከድርቆሹ ግማሹ ስለተረፈ ይዛው ወደ ግምጃ ቤት ሄደች። ጠባቂው ጃርት ከዚያ በፊት የተመለሰ ነገር አይቶ ስለማያውቅ የት እንደሚያስቀምጠው ግራ ገባው። ስትመለስ ቡላ በተቀበረበት በኩል አለፈች። ልጇ እየዘለለ ይከተላታል። ደስ ብሏታል፤ ነገር ግን ይህን ነገር አንድ ዓመት ቀድሞ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ሁለት ሆነው ይከተሏት እንደነበር አሰበችና ጥቂት ቆመች።

ከዚህ የምንማረው፣ ለምርምር የተሰጠውን ለሚጨርሰው ሰጥተን ጥያቄ ያላትን ከመለስናት፣ በጠማን ቀን ቅሉን ይዘን ስንቆም ጠጡ ወይም አትጠጡ የሚለን እንደምናጣ ነው።