ሮም እና የመበለቷ ላም

በፈረንጅ አገር አንድ ንጉሠ ነገሥት ነበር። ቅድመ አያቱ ሮምን ተነጥቀው ስሟን ብቻ አወረሱት፤ እሱ ራሱ ሮምን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። እንዲያም ሆኖ አቤት ባይ ሁሉ ተንበርክኮ፣ አዋጅ ነጋሪው «የሮም ንጉሠ ነገሥት፣ የኢየሩሳሌም ንጉሥ» እያለ ማዕረጉን ዘርዝሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ነበረበት። ኢየሩሳሌምም ብትሆን ከእጃቸው ከወጣች ስንት ትውልድ አልፏታል! ማዕረግ መቼም ቀለብ አይጠይቅም።

አንድ ቀን ወተት ሸጣ የምታድር መበለት መጣች። ያለቻት አንዲት ላም ጠፍታ በንጉሡ በረት ውስጥ ተገኝታለች፤ ጠባቂዎቹ ግን አንለቅም ብለዋታል። ጉልበቷ እየቆረጠማት ማዕረጉን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ላሚቱ አሁን በማን በረት ናት?» አላት ንጉሡ።

«በእርስዎ፣ ጃንሆይ።»

«ማን ያልባታል?»

«የእርስዎ ሰዎች።»

«እንግዲያው የኔ ናት። በእኔ ሕግ ባለቤት ማለት በእጁ የያዘ ነው። ከእጅሽ የወጣውን የኔ ነው ስትዪ አታፍሪም?»

መኳንንቱ ሳቁ። ሴትዮዋ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች።

«ደግ ፈረዱ፣ ጃንሆይ። ላሜን ትቼልዎታለሁ። ብቻ ሮምንም ኢየሩሳሌምንም ሌላ ሰው ይዟቸዋልና፣ አዋጅ ነጋሪዎ ማዕረግዎን እንደ ፍርድዎ አስተካክሎ ይድገምልኝ። አሁንስ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ቶሎ ያልቃል።»

ላሚቱ በዚያው ቀን ቤቷ ገባች። ሮም ግን እንደ ወጣች ቀረች።