የይርሳው ሁለተኛ በሬ

፦ ተረት ተረት።
፦ የበሬ በረት።

በድሮ ዘመን ነው። ይርሳው የሚባል ገበሬ ጤፉን አህያ ላይ ጭኖ ወደ ገበያ ሊወጣ ሲል፥ ሚስቱ አንጓች ገመዱን ያዘችበት።

፦ ይህንንም ከሸጥከው ምን እንበላለን?
፦ ጓያ። አንድ ቁና ጤፍ ሦስት ቁና ጓያ ያመጣል።
፦ ጓያ እግር ይሰብራል ይላሉ።
፦ የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው። ሲፈላ ልጆቹን ደጅ አውጫቸው።

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያምነው። አንጓችም ገመዱን ለቀቀች።

ይርሳው ክፉ ሰው አልነበረም። ያለው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቱ ከጥጋቤ በሬ ጋር እያቀናጀ ያሳርሳል። ጥጋቤ በዕድሜ ታላቁ ነውና ማሳው ይቀድማል። የይርሳው ተራ ሲደርስ ዝናቡ ይሄዳል፥ ምርቱም ያንሳል። ምርቱ ሲያንስ እህል ይወደድበታል። ስለዚህ ሁለተኛ በሬ ሊገዛ ቆረጠ። ጤፉ ተሸጠ። ቅቤው ተሸጠ።

አንጓች አንድ ቀን እንቁላል ደበቀች። ለትልቁ ልጇ ለአለኸኝ ልትጠብስለት። የአባቱ ወገብ ደክሟልና እርፍ የሚይዘው እሱ ነው። ይርሳው ግን አያት።

፦ ይቺም የበሬው ቀንድ ናት፥ አላት።

መልሳ የገበያው ቅርጫት ውስጥ አኖረቻት።

ጠዋት የጓያ ቂጣ ሆነ። ቀን የጓያ ንፍሮ። ማታ የጓያ ሽሮ። ድስቱ ሲንተከተክ አለኸኝና ታናሽ እህቱ ስንዱ ደጅ ይቆማሉ። ሲበስል ገብተው ይበላሉ። ጥጋቤ እሳት ሊጭር ይመጣና፥ ምድጃው ዳር ቁጭ ብሎ እንፋሎቱን እየሞቀ ይስቃል።

፦ አንተ ይርሳው፥ እንፋሎቱን ባዕድ፥ ንፍሮውን ዘመድ አደረግኸው እኮ።
፦ ሳቅ አንተ። በሬዎቼን ስጠምድ እንተያያለን።

በሬውም ተገዛ። ቀይ፥ ሻኛው የቆመ። ይርሳው ጅራፉን ለልጁ ሰጠው። አለኸኝ ጠመደና አንድ ትልም ወጣ። ሲመለስ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። እግሩ እግሩን ጠለፈውና ወደቀ። ተነሣ፥ ደግሞ ወደቀ። በሬዎቹ ቆመው ጠበቁት።

ከዚያም በአንድ ዱላ ሄደ። ከዚያም በሁለት። ጠበል ወሰዱት፥ ቅቤ አሹት። እግሩ አልመለስ አለ።

ጥጋቤ መጣና መሬት መሬት እያየ ተቀመጠ። አሁን አልሳቀም።

፦ ይርሳው፥ ያን እንፋሎት እኔም ስሞቀው ከረምኩ። እግሬ ይኸው ደህና ነው። የበላሁት ግን ገብሴን ነው።

ይርሳው በነጋታው ቀዩን በሬ ፈታና ወደ ገበያ ሊነዳው ተነሣ። ለልጁ ጤፍ ሊገዛበት።

እንግዲህ ልጆቼ፥ ተረቴን መልሱ፥ አፌንም ባላችሁ ነገር አብሱ። ጓያ ብቻ አይሁን። ደግሞ ይህን ሳልነግራችሁ አልነሣም። አለኸኝ ደጃፉ ላይ በዱላዎቹ ተደግፎ አባቱን እንዲህ አለው።

፦ አባዬ፥ በሬውን ወደ በረቱ መልሰው። ለእኔ ጤፍ አሁን ምን ያደርግልኛል። ለስንዱ ገብስ ዝራላት። የእሷ እግር ገና ይሮጣል።