ፍሙን ይዞ የተራመደው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። የፊተኛውን ልጃቸውን በምጥ ስላጡ፣ ሰውየው ቁጭ ብድግ እያለ ቤቱን ያምሳል። ሚስቱም አዋላጇን፣ «እባክሽ ከፊቴ አውጪልኝ፤ እሱን ሳየው የምሞት ይመስለኛል» አለቻት። ልጄ፣ ስለ ጸሎት የጠየቅኸኝን የዘለልሁ እንዳይመስልህ፤ ወደ እሱ እየሄድሁ ነው።

ወቅቱ ክረምት ነው። በዚያ አገር ክብሪት ገና አልተለመደም፤ እሳት የሚቆየው ምድጃ ውስጥ በአመድ ተዳፍኖ ነው። አዋላጇ ፍሙን አዳፈነችና፣ «ውኃ የምናሞቅበት ነው፤ እንዳትነካው» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። እሱን ግን ማን ይመልሰው! ሚስቱ ባቃሰተች ቁጥር እሳቱ የጠፋ እየመሰለው አመዱን ይገልጣል፤ «አለ» ብሎ ይመልሳል፤ ደግሞ ይገልጣል። በመጨረሻ ቢገልጠው ፍሙ ከስሞ አገኘው።

«ደግ አደረግህ!» አለችው አዋላጇ በምሬት። «በል እማሆይ ዘንድ ሂድና እሳት ጫር።»

እማሆይ ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ መነኩሴ ናቸው። እየሮጠ ደረሰ፤ በገል ላይ ፍም ተቀበለ፤ እየሮጠ ተመለሰ። ሩጫው ነፋስ ሆነበትና ፍሙ ተንቀልቅሎ እመንገድ ነድዶ አለቀ። ጣቶቹንም ለበለበው። ጭቃው መሃል ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ተመልሶ ሲመጣ እማሆይ አልተቆጡም። ገሉ ላይ አመድ አነጠፉ፤ ፍሙን አስቀምጠው በላዩ ስስ አመድ ነሰነሱበት።

«ልጄ፣ ብትሮጥ ይነድብሃል፤ ብትቆም ይሞትብሃል። ዝም ብለህ ተራመድ። እግርህ መሬት ሲነካ ልብህም እዚያው ይሁን።»

«እሷ ብትሞትብኝስ?»

«እሱን እኔም አላውቅም። አንተ እግርህን አንሣ።»

መንገዱ ያዳልጣል። ቀኝ እግሩን አስቀመጠ፤ መሬቱ እስኪይዘው ጠበቀ፤ ግራውን አነሣ። ልቡ ግን ቀድሞት ቤት ገባ፤ ሚስቱን ገንዞ ለቅሶ ተቀመጠ። ገሉ ዘንበል አለ። ደንግጦ ልቡን ወደ እግሩ መለሰው። ጥቂት እንደሄደ ደግሞ ሸሸበት፤ ደግሞ መለሰው። ወንዙን ሲሻገር የውኃው ቅዝቃዜ በጣቶቹ መሃል ሲያልፍ ተሰማው፤ ቀድሞ ሲሮጥ ግን ውኃ መኖሩንም አላስተዋለም። ትንፋሹ ከእርምጃው ጋር ገጠመ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ አብሮት ይሄዳል፤ መጎተቱን ግን ተወ።

ደጁ ሲቃረብ ሚስቱ ጮኸች። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሊሮጥ ተነሣ፤ ገሉን አየ፤ በእርምጃ ሄደ። በዚያች አጭር መንገድ ያየውን ጭንቅ ለጠላቱም አይመኝም።

ሲገባ ሚስቱ በሕይወት አለች፤ ለሚቀጥለው ምጥ ትንፋሽ እየሰበሰበች ነው። አዋላጇ ፍሙን ተቀብላ እሳት አያያዘች። ሚስቱ ቀና ብላ ፊቱን አየች፤ እጇንም ዘረጋችለት። የያዘችው እጅ አይንቀጠቀጥም ነበር። «አሁን አትሂድ» አለችው። ውኃው ለብ ሲል ልጁ መጣ፤ አለቀሰም።

አንተም ልጄ፣ እናትህ ታማብህ፣ «ለጸሎት ስቀመጥ ልቤ አልቀመጥ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። እንግዲያው አትቀመጥ። ፍሙ ልብህ ነው። ደህና መሆኑን ለማየት በየደቂቃው እየገለጥህ ታጠፋዋለህ፤ ስትሮጥ ደግሞ ታነድደዋለህ። ተነሥና ቤተ ክርስቲያኑን ቀስ ብለህ ዙር። እግርህ ሲያርፍ እወቀው። ልብህ ሲሸሽ አትቆጣው፤ መልሰው ብቻ። እናትህ ትድናለች ብዬ አልምልልህም። ስትጠራህ የምትይዘው እጅ ግን የማይንቀጠቀጥ ይሁን።